ኪሳራቸውን የሚነጋገሩ ሻጮች



ስለ ኢንተርኔት ንግድ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ መተግበሪያው፣ ስለ ክፍያው፣ ስለ ማስታወቂያው ነው። እኔ ዛሬ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ሻጩ ሰው ነው፤ በተለይም ሻጩ ያንኑ ዕቃ ከሚሸጠው ከሌላው ሻጭ ጋር ስላለው ግንኙነት። በስልክ ለሚነግድ ሰው ከተፎካካሪው የበለጠ አስተማሪ የለውም ብዬ አምናለሁ። ይህ ትምህርት የሚገኘው ግን ሻጮች ኪሳራቸውን መነጋገር ሲጀምሩ ነው። ትርፉን የሚያወራ ሞልቷል።

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ዱባይ ተራ የምንላቸው ቦታዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን የተቀመጡባቸው ናቸው። ነጋዴው ከተፎካካሪው ርቆ ሱቅ መክፈት ሲችል አጠገቡ የሚቀመጠው ወዶ ነው። ገዢው ወደ ተራው የሚመጣው ብዙ ሻጭ በአንድ ቦታ ስለሚያገኝ ነው። ከዚያም በላይ ነጋዴው የጅምላው ዋጋ ባለበት ማደሩን ወይም መጨመሩን ጠዋት የሚሰማው ከጎረቤቱ ነው። ሐሰተኛ ኖት ይዞ በተራው የሚዞር ሰው ካለ፣ ሦስተኛው ሱቅ ሳይደርስ ወሬው ይቀድመዋል። የጎደለውን ዕቃ ከጎረቤቱ ወስዶ ይሸጥና ማታ ይተሳሰባሉ። ለጸሎት ወይም ለምሳ ሲወጣ ሱቁን የሚጠብቅለትም ያው ተፎካካሪው ነው።

ለዚህ ሁሉ የተተመነ ዋጋ የለም። ከቦታው ጋር አብሮ የሚገኝ ነገር ነው። በቴሌግራም ቻናል ወይም በቲክቶክ የምትነግደው ወጣት ግን ተራ የላትም። ዕቃዋን እቤቷ ፎቶ ታነሣለች፣ ፖስት ታደርጋለች፣ በውስጥ መስመር ትከራከራለች፣ በሞተረኛ ትልካለች። የሱቅ ኪራይ ቀርቶላታል፤ ጎረቤትም አብሮ ቀርቷል። የሚያታልላት ሰው ሲመጣ የሚያገኛት ብቻዋን ነው።

አንዱን ማታለያ በዝርዝር እንመልከት፤ በዚህ አዳራሽ የደረሰበት ሰው ሳይኖር አይቀርም። ገዢው ዕቃ ይመርጣል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይጠይቃል፣ ጥቂት ቆይቶ ገንዘብ መላኩን የሚያሳይ ስክሪንሾት ይልካል። የሻጯ ስም፣ የገንዘቡ መጠን፣ ቀኑና ሰዓቱ ሁሉ ልክ ነው። ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ ይቸኩላል። ዕቃው ይሄዳል። ማታ ሒሳቧን ስታየው የገባ ብር የለም፤ ስክሪንሾቱ በስልክ የተቀነባበረ ነበር። የዚህ መድኃኒት በጣም አጭር ነው፦ ዕቃው ከእጅሽ ሳይወጣ የራስሽን ሒሳብ ከፍተሽ ተመልከቺ፤ ገዢው የሚልክልሽን ሥዕል አትመኚ። ይህን ምክር መቶ ሻጮች ለየብቻቸው ከተማሩት መቶ ጊዜ ይከፈልበታል። ከተገናኙ ግን የመጀመሪያዋ ትከፍልበታለች፣ ዘጠና ዘጠኙ ከእርሷ ይማራሉ። የማኅበር ትርፍ በዚህ ስሌት ውስጥ ነው ያለው።

ከባዱ ነገር የመጀመሪያዋ ሴት መናገር አለመናገሯ ነው። መታለል ያሳፍራል። ገመናን ለተፎካካሪ መግለጥ ደግሞ በንግድ ዓለም እንደ ድክመት ይቆጠራል። ታዲያ ለምን ትናገራለች? የምትናገረው ነገ እርሷም ከሌላዋ እንደምትሰማ ካወቀች ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ሰዎቹ የሚተዋወቁና ደጋግመው የሚገናኙ እንዲሆኑ ይጠይቃል።

ነገሩ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በአሮጌው ካይሮ፣ በፉስጣጥ፣ ቤን ዕዝራ በሚባለው ምኩራብ አንድ ጓዳ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት የተከማቹ ወረቀቶች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የነገዱ አይሁዳውያን የተጻጻፏቸው የንግድ ደብዳቤዎች ይገኛሉ። ሊቁ ሽሎሞ ጎይታይን የእነዚያን ነጋዴዎች ዓለም ከደብዳቤዎቹ ሰፊ አድርጎ ጽፎታል። ችግራቸው ከእኛ የቴሌግራም ሻጮች ችግር ብዙ አይርቅም። አንዱ ዕቃውን በመርከብ ጭኖ ሩቅ ወደብ ላለ ወኪል ይልካል፤ ወኪሉ በስንት እንደሸጠው፣ ስንቱ በውኃ እንደተበላሸ በዓይኑ የሚያይበት መንገድ የለውም። አቭነር ግራይፍ የተባለው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ጥናት እነዚህ ነጋዴዎች አንዳቸው ለሌላቸው በሚጽፉት ወሬ እንደተጠበቁ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1055 ገደማ ኢየሩሳሌም የነበረ አንድ ወኪል የነጋዴ ገንዘብ አጉድሏል ተብሎ ሲታማ፣ እስከ ሲሲሊ ድረስ ያሉ ነጋዴዎች ሥራቸውን ከእርሱ ጋር አቋረጡ። ደብዳቤ በመርከብ ወራት በሚፈጅበት ዘመን ማለት ነው።

ስለ ግራይፍ ጥናት ክርክር መነሣቱን መናገር አለብኝ። ጄረሚ ኤድዋርድስና ሺላ ኦጊልቪ እ.ኤ.አ. በ2012 ያንኑ የደብዳቤ ክምችት መርምረው፣ ነጋዴዎቹ በወሬ ብቻ ሳይወሰኑ ፍርድ ቤትም ይሄዱ እንደነበር ጽፈዋል። እኔ ሁለቱ የሚጋጩ አይመስለኝም። በአገራችንም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ወጥቶ፣ በኤሌክትሮኒክ የሚደረግ መልእክትና ውል በሕግ ፊት ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የሁለት ሺህ ብር ጫማ የተወሰደባት ሻጭ ፍርድ ቤት ብትመላለስ የትራንስፖርቱና የጊዜው ወጪ ከጫማው ይበልጣል። ለትንሽ ነጋዴ የሚቀርበው ዳኝነት የሌላው ሻጭ ማስጠንቀቂያ ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ፤ የኢንተርኔት ሻጮች ኅብረት በግልጽ የተጻፈ ታሪክ ያለው እዚያ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ፒየር ኦሚድያር፣ ፓሪስ የተወለደ የኢራናውያን ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1995 ካሊፎርኒያ ውስጥ በራሱ ኮምፒዩተር የጨረታ ገጽ ከፈተ። መጀመሪያ ኦክሽንዌብ ነበር የሚባለው፤ በኋላ ኢቤይ ሆነ። ሰዎች ተጣልተው ወደ እርሱ አቤት ማለት ሲጀምሩ ጊዜውም ሠራተኛውም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 ገዢና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው በግልጽ የሚመሰክርበትን መንገድ ዘረጋ። ተጠቃሚዎቹ እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁበት ሰሌዳም ነበር፤ ዕቃ እንዴት ይታሸጋል፣ ፎቶ እንዴት ይጫናል፣ ገዢ ከጠፋ ምን ይደረጋል የሚለው ሁሉ እዚያ ይነሣል።

በዚያ ሰሌዳ ላይ ቬርሞንት የሚኖር ጂም ግሪፊዝ የሚባል ሰው ነበር። ማንም ሳይቀጥረው፣ ማንም ሳይከፍለው የሌሎችን ሻጮች ጥያቄ በትዕግሥት ይመልስ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1996 አግኝቶት የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ አድርጎ ቀጠረው፤ ብዙዎች አጎት ግሪፍ እያሉ ያውቁታል። ይህን ታሪክ የምወደው አንድ እውነት ስለሚያሳይ ነው፦ ኢቤይ ገና ብዙ ሠራተኛ ሳይኖረው ገበያውን በእግሩ ያቆሙት ሻጮቹ ራሳቸው ናቸው። ጥያቄ የመለሰው ሰው፣ ልምዱን የጻፈው ሰው ያ ገበያ ለተሠራበት ድካም የራሱን ድርሻ አዋጥቷል።

ከ12 ዓመት በኋላ ግን ሻጮቹ ሌላ ነገር ተማሩ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ ላይ ሻጮች ስለ ገዢ መጥፎ ምስክርነት መስጠት እንዳይችሉ ወሰነ። ምክንያት ነበረው፤ አንዳንድ ሻጮች በብቀላ መጥፎ ምስክርነት ይሰጡ ስለነበር ገዢዎች እውነቱን ለመናገር ይፈሩ ነበር። የሻጮቹም ቅሬታ እውነት ነበር፤ ጨረታ አሸንፎ የማይከፍልን ገዢ ለሌላው ሻጭ የሚያስታውቁበት መንገድ ተዘጋባቸው። በዚያው ጊዜ የክፍያ ለውጥም ስለተጨመረበት፣ ብዙ ሻጮች በየካቲት ወር ለአንድ ሳምንት ዕቃ ላለማውጣት አድመው ነበር። ኩባንያው ውሳኔውን አልቀየረም። ማስጠንቀቂያቸውን የሚጽፉበት መዝገብ የራሳቸው ቢሆን ኖሮ ማንም አይዘጋባቸውም ነበር። የገበያው ባለቤት ክፉ ባይሆንም ጥቅሙ ከሻጩ ጥቅም ጋር ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። ስለዚህ ሻጮች የሚገናኙበት ቦታ ከገበያው ባለቤት እጅ ውጭ መሆን አለበት ብዬ እከራከራለሁ።

በእጅ ሥራ ገበያው በኤትሲም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ ሐበሻ ቀሚስና የሽመና ሥራ የሚሸጡ ወገኖቻችን ስለሚገኙበት ላነሣው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ኤትሲ ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚወስደውን ከ5 በመቶ ወደ 6.5 በመቶ ሲያሳድግ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሻጮች ለአንድ ሳምንት ሱቃቸውን ዘጉ። ጭማሪው አልቀረም። ከዚያ አድማ ግን የራሳቸው የሆነ የሻጮች ማኅበር ተወልዷል።

አንድነት ኃይል ይሰጣል፤ ኃይል ደግሞ አጥር ይፈልጋል። የቻይናውን የኢንተርኔት ገበያ የታኦባኦን ታሪክ ሳልናገር ባልፍ ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 የታኦባኦ ሞል አስተዳዳሪዎች የዓመት ክፍያውን ከ6,000 ዩዋን ወደ 30,000 እና 60,000 ዩዋን ከፍ እንደሚያደርጉ አስታወቁ፤ የማስያዣው ገንዘብም እስከ 150,000 ዩዋን ሊደርስ ሆነ። ለትናንሽ ሻጮች ይህ ከገበያው ውጡ እንደማለት ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩት በድምፅ መነጋገሪያ መተግበሪያ ተሰባሰቡ። ቁጣቸው ተገቢ ነበር። ያደረጉት ግን በትልልቅ ሻጮች ሱቅ ላይ ዘምተው ዕቃ በጅምላ ማዘዝ፣ መጥፎ ምስክርነት መጻፍና ገንዘቡን መልሶ መጠየቅ ሆነ። የገበያው ባለቤት አሊባባ በቀናት ውስጥ ለነባር ሻጮች ለውጡን አዘገየላቸው፤ ስለዚህ ተሳክቶላቸዋል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ክፍያውን ያልወሰኑ ሻጮች ሥራ ተሰናክሏል፤ ሁሉም የሚተማመንበት የምስክርነት መዝገብም በሐሰት ተሞልቷል። ተጎጂው ሌላ ሻጭ ከሆነ ማኅበሩ የቆመለትን ነገር አፍርሷል።

እዚያው ቻይና፣ ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ሻጂ በምትባል ከተማ ሥር ያለችው የዶንግፌንግ መንደር ደግሞ የጎረቤት ትምህርት ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ታሳያለች። ሱን ሃን የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ2006 የኢንተርኔት ሱቅ ከፍቶ ቀላል የቤት ዕቃ እያሠራ መሸጥ ጀመረ። ጎረቤት ከጎረቤት እያየ መንደሩ በሙሉ ወደዚያው ዞረ። ቀድሞ አሮጌ ፕላስቲክ ይለቅሙና ያቀልጡ የነበሩ ቤተሰቦች የመደርደሪያ አምራቾች ሆኑ። ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ዕቃ ስለሠሩ ግን በዋጋ መቆራረጥ መጣ። አንዱ የሌላውን የሚሸጥ ዕቃ ማየት ቀላል ነው። ያልሸጠውን፣ የተመለሰበትን፣ ያከሰረውን ማየት የሚቻለው እርሱ ሲናገር ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ትርፍ ብቻ የሚወራባቸው ግሩፖች የሚያሳስቡኝ። በአገራችንም በዝተዋል። በአንድ ወር ይህን ያህል አተረፍሁ የሚል፣ የሒሳቡን ቁጥር የሚያሳይ፣ ቀጥሎም ምስጢሩን በኮርስ እሸጥላችኋለሁ የሚል ሰው በሚመራው ግሩፕ ውስጥ ማንም ኪሳራውን አይናገርም። አዲስ የገባችው ልጅ ሁሉም እያተረፈ እርሷ ብቻ የሰነፈች ይመስላታል። ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ተስፋ የሚቆርጡት በዚህ ይመስለኛል። የሌሎቹም ዕቃ ሳይሸጥ እንደሚያድር ብትሰማ ኖሮ ችግሩ ከዋጋው ይሁን፣ ከወቅቱ ይሁን ወይም ከፎቶው ለይታ ትፈልግ ነበር።

እውነት የሚነገርበት ግሩፕ ምን እንደሚጠቅም አንድ ትልቅ አጋጣሚ አሳይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዱባይ፣ ከቱርክ ወይም ከጓንዡ በትእዛዝ የምታስመጣ ሻጭ ዋጋ ቆርጣ ቅድመ ክፍያ ተቀብላ ከነበረ፣ ዕቃውን በአዲሱ ምንዛሪ ለመግዛት የያዘችው ብር አይበቃትም። ምን ታድርግ? ደንበኛውን ጨምርልኝ ትበል፣ ገንዘቡን ትመልስ፣ ወይስ ኪሳራውን ተሸክማ ስሟን ትጠብቅ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከባንክ ሠራተኛም፣ ከመተግበሪያውም፣ ከቤተሰብም በላይ የሚረዳው ያው ጭንቀት የያዘው ሌላው ሻጭ ነው። አንዷ ደንበኛዋን በምን ቃል እንዳነጋገረችው፣ ደንበኛውስ ምን እንዳለ መስማት ትልቅ ሀብት ነው።

ስለ ዋጋ ስንነጋገር ግን አንድ መስመር አለ። ገበያው እንዴት እንዳደረ መነገር ተገቢ ነው፤ ሁላችንም ከዚህ በታች አንሸጥም ብሎ መማማል ግን ገዢውን መበደል ነው። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ የአንድ ሙያ ሰዎች ሲሰባሰቡ ዋጋ ለማስወደድ ሊዶልቱ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። በአገራችንም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተፎካካሪዎች ዋጋ እንዳይወስኑ ከልክሏል። ማኅበር የሚመሠርቱ ሻጮች ይህን ከመጀመሪያው ቀን ቢነጋገሩበት ይበጃል።

ስም ማጥፋትም እንዲሁ ነው። አጭበረበረኝ የተባለን ሰው ስልክ ቁጥርና ፎቶ በሺህ ሰው ፊት መለጠፍ የተለመደ ሆኗል። የተሳሳተ ቢሆንስ? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ከሰውዬው በላይ ዘዴው ቢነገር ጥቅሙ ይሰፋል፤ ሰውዬው ስልክ ቁጥር ይቀይራል፣ ዘዴው ግን ያው ነው። ስም መጠራት ካለበትም ማስረጃው በጥቂት የታመኑ ሰዎች ይታይ፣ የተከሰሰውም መልስ ይስጥ። የገዢ ቅሬታም በዚያው ይሰማ፤ ከማኅበሩ ውስጥ ያልተስማሙበትን ዕቃ ልኮ ስልክ የሚዘጋ ሻጭ ካለ እርሱም መጠየቅ አለበት። አባሎቹን ብቻ የሚያምን ማኅበር ገዢ አያምነውም።

መተማመን ከየት ይምጣ ለሚለው እኛ የተዘጋጀ መልስ አለን። ዕቁብ የሚጥሉ የኢንተርኔት ሻጮች ተስፋ ይሰጡኛል። በቴሌግራም ላይ አንድ ሰው የቻናል ስምና ሥዕል ብቻ ነው። ዕቁብ ለመግባት ግን እውነተኛ ስሙን ያስመዘግባል፣ ዋስ ያቀርባል፣ ዳኛውና ጸሐፊው ያውቁታል። ዕጣ የወጣላት ሻጭ ዕቃ ታስመጣበታለች፤ ገንዘቧ በጉዞ ላይ ባለ ጭነት ተይዞ ለሳምንታት ለምትቸገር ነጋዴ የትኛውም የቁጠባ ደብተር እንዲህ በቶሎ አይደርስላትም። ከገንዘቡ ጋር የሚመጣው ትውውቅ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይከፍታል። ዕቃ በአንድነት ማዘዝ፣ የካርጎ ክፍያ መካፈል፣ ገዢ የጠየቀው ዕቃ ሲያልቅ ወደ ሌላዋ መላክ፣ አንዷ ስትወልድ ወይም ሐዘን ሲደርስባት ትእዛዟን የሚሸፍንላት ማግኘት ከዚህ ይቀጥላሉ። ዱባይ ወይም ቤይሩት ሆነው በቪዲዮ እያሳዩ ዕቃ የሚገዙልን እህቶቻችንም በዚህ ክበብ ቢገቡ መልካም ነው፤ እነርሱም በሩቅ አገር ሆነው ገንዘባቸውን የሚያጡበት ጊዜ አለና።

ዛሬ ማታ ይህን ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ ብዛት አትፈልጉ። ሃያ የሚተዋወቁ ሰዎች ከሁለት ሺህ የማይተዋወቁ ይሻላሉ። በአካል መገናኘትም ይኑር፤ በወር አንድ እሑድ ቡና ላይ ቢሆን ይበቃል። በየስብሰባው በመጀመሪያ የሚነሣው በዚያ ወር የጠፋ ገንዘብ ይሁን፤ የሚናገረውም ከሁሉ በፊት ነባሩ ነጋዴ ይሁን፤ ትልቁ ሲናገር ትንሹ አያፍርም። የተነገረውን አንድ ሰው በደብተር ይጻፈው፤ በቴሌግራም የተጻፈ ምክር ከሳምንት በኋላ በሌላ መልእክት ሥር ይቀበራል፣ አዲስ የገባ አባልም አያገኘውም። የግሩፑ አድሚንነትም በአንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ አይንጠልጠል። የአድሚን አካውንት ተሰርቆ ሌባው በማኅበሩ ስም ከአባላቱ ገንዘብ ሊለምን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት አድሚኖች ይኑሩ፣ ሁሉም የሁለት ደረጃ የይለፍ ቃላቸውን ያብሩ፣ የአባላቱ ስልክ ቁጥርም በጸሐፊው ደብተር ላይ ይኑር። በማኅበሩ ስም የገንዘብ ጥያቄ ሲመጣ አባሉ ከመላኩ በፊት ጸሐፊውን ደውሎ ይጠይቅ።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም በራሳችሁ የደረሰውን ልትነግሩን የምትፈቅዱ፣ ማይኩ ወደ እናንተ እየመጣ ነው።